በአምስተኛው ቀን የምትመለሰው መኪና

ዳይሬክተሩ በሕይወት ዘመኑ የማንንም ምክር ሰምቶ አያውቅም፤ በሞተበት ቀንም አልሰማም። ሠላሳ ዓመት ትምህርት ቤት አስተዳድሮ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላ ደግሞ ሰፈሩን እንደ ሰነፍ ክፍል ሲገሥጽ የኖረ ሰው ነበር። ዓርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ በገዛ ግቢው፣ በመኪና ቤቱ ውስጥ፣ ከተረከባት አምስት ቀን ባልሞላት ብርማ መኪና ሥር በጀርባው ተንጋሎ ሞቶ ተገኘ። ከውጭ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው። ጫማው ተወልውሏል፣ ካልሲው ቀጥ ብሎ ተስቧል፤ አጠገቡ የወደቀው የእጅ መብራት ገና አልጠፋም ነበር።

የሥራ ባልደረቦቿ ከኋላዋ «እሾህ» የሚሏት መርማሪ ስትደርስ አለቃዋ ቀድሟት ደርሷል። ነገሩን ደግሞ ጨርሶታል፤ አለቃዋ ከማሰብ ይልቅ መጨረስ የሚቀናው ሰው ነው። በሩ ላይ የዳይሬክተሩ ሴት ልጅ፣ እጁ በካቴና የታሰረ ጎረምሳ ፊት ቆማ፣ «ገዳይ!» ስትል በጥፊ አጮለችው። ጎረምሳው ፊቱን እንኳ አላዞረም።

«ማነው እሱ?» አለች መርማሪዋ።

«ገዳዩ ነዋ» አለ አለቃዋ። «ከአጥሩ ማዶ ጋራዥ ያለው መካኒክ። አምና ሽማግሌው 'በጫጫታህ ሰላም ነሣኸኝ' ብለው ከሰውት ነበር። መኪናዋን ያነሣባት ክሪክ የእሱ ነው። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት አቀርበዋለሁ።»

መርማሪዋ ጉልበቷን ይዛ እያቃሰተች ጎንበስ አለች። ክሪኩን ከግራ ከቀኝ አየችው።

«ተንሸራቶ ቢሆን በጎኑ ይወድቅ ነበር» አለች። «ይኸው ቀጥ ብሎ ቆሟል። የማውረጃው ብሎን ሁለት ዙር ተፈቷል። ሰውየው ሥሯ እያሉ መኪናዋን ሆን ብሎ ያወረደባቸው ሰው አለ።»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ!»

«እርስዎ የሚሉኝ ማን እንደሆነ ነው፤ እኔ ገና ምን እንደሆነ እያየሁ ነው፣ ጌታዬ።»

አለቃዋ ተናዶ የሟቹን ስልክ አሳያት። ስልኩ ከመኪናዋ ወንበር ላይ ነው የተገኘው። ከጀርባው በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት ላይ የመክፈቻው ቁጥር በትልልቁ ተጽፏል። ሠላሳ ዓመት ለተማሪ «ጥንቃቄ! ጥንቃቄ!» ሲል የኖረ ሰው እንዲህ ነበር የሚጠነቀቀው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳይሬክተሩ መኪናዋን የገዛት ሳያያት፣ ሳይነካት፣ ድረ ገጽ ላይ በፎቶ ብቻ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ሻጩ መኪናዋን ሰኞ በር ድረስ ላከለት። የድረ ገጹ ደንብ ለገዢው አምስት ቀን ይሰጣል፦ ወይ «ተቀብያለሁ» የሚለውን ይጫናል፣ ወይ «እመልሳለሁ» የሚለውን። «ተቀብያለሁ» ካለ የበራ ዳሽቦርድ ፎቶ አንሥቶ አብሮ መላክ አለበት፤ ከዚያ በኋላ ንስሐ የለም። ዳይሬክተሩ ሐሙስ ዕለት «እመልሳለሁ» ብሎ ነበር። መኪናዋን የሚወስደው ሾፌርም ለዓርብ አሥር ሰዓት ታዟል።

«ዛሬ ግን ሐሳባቸውን ለወጡ» አለ አለቃዋ። «ሰባት ሰዓት ከሠላሳ አራት ላይ ፎቶ አንሥተው 'ተቀብያለሁ' ብለዋል። ሐኪሙ ከስድስት እስከ ስምንት ባለው ጊዜ ነው የሞቱት ይላል። ስለዚህ ሻጩ ምን ቤት ነው? መኪናውን ሸጧል፤ ሰላም ነው።»

«መካኒኩስ ምን አለ?»

«ዋሸ! ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የባትሪውን ገመድ ነቅዬዋለሁ ይላል። የጣቢያችንን ሾፌር ጠየቅሁት፤ ባትሪ ከተነቀለ ሰዓቱ ዜሮ ይገባል፣ ሬዲዮውም አይሠራም አለኝ። ቁልፉን ስናዞር ሬዲዮው ይዘፍናል፣ ሰዓቱም ልክ ነው። ፎቶው ላይም ልክ ነው። አንዴ የዋሸ ሁሉንም ይዋሻል።»

መርማሪዋ ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ስልኩን መለሰችለት።

*

መካኒኩ የእስር ክፍሉ ጥግ ላይ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ከበሩ ውጭ ሚስቱ ቆማለች፤ ማንም ግቢ አላላትም፣ ማንም ውጪ አላላትም።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ነው የሆነብኝ፣ እትዬ» አለ። «ነገ ከፈረዱብኝ ጋራዡም አለቀለት፣ እሷም ሜዳ ላይ ቀረች።»

«አልቅሰህ ስትጨርስ ከመጀመሪያው ንገረኝ።»

«ረቡዕ ዕለት ጋሼ ራሳቸው በአጥሩ ላይ ጠሩኝ። አምና ከከሰሱኝ ወዲህ ሰላምታም አልነበረንም። 'ና እስቲ፣ ሙያ ካለህ ይቺን እያት' አሉኝ። ምንጣፉን ገልጬ ባየው ከሥሩ ደቃቅ ጭቃ። የወንበሩ ብሎኖች ዝገዋል። ውሃ የጠጣች መኪና ናት፣ እትዬ፤ ጎርፍ ውስጥ ሰምጣ የወጣች። ውጭዋን ቀብተው፣ ሽቶ ነፍተው ሸጡላቸው። ነገርኳቸው። ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው 'ደፋር ሻጭ! እኔን!' አሉ።»

«ባትሪውን ለምን ነቀልከው?»

«በአማቻቸው፣ በልጃቸው ባል ምክንያት። መኪናዋ ከሁለት መቶ ኪሎሜትር በላይ ከተነዳች አትመለስም። እሱ ደግሞ ሐሙስ ማታ ቁልፉን ሰርቆ ሲዞርባት አመሸ። ጋሼ ተናደው ዓርብ ጠዋት 'ንቀልልኝ' አሉኝ። ነቀልኩት። ለአማቹም ለልጃቸውም አልነገሩም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ደግሞ ለሚወስዳት ሾፌር ዝገቱን ላሳየው ብለው በክሪክ አስነሡኝ።»

«በባዶ ክሪክ?»

መካኒኩ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«የብረት መቆሚያዎቹ ጋራዥ ነበሩ። አምጥቼ እስካስደግፋት ሥሯ አይግቡ ብዬ ሄድኩ። ምሳዬን በላሁ። ከዚያ የተበላሸ የጭነት መኪና መጣብኝና… አሥር ሰዓት ላይ የልጅቱን ጩኸት ሰማሁ።»

መርማሪዋ ማንንም ማባበል አትችልበትም፤ ስለዚህ ተነሥታ ወጣች። ስትወጣ ግን ለዘበኛው «ሚስቱን አስገባት፣ ወንበርም ስጣት፤ እንጨት ሆንክ እንዴ?» አለችው።

*

አማቹን የሐዘን ልብስ ለብሶ የሟቹ ወንበር ላይ ተንሰራፍቶ አገኘችው። ሰውየው ገና አልተቀበረም፣ ወንበሩ ግን ተይዟል። ሚስቱ፣ የዳይሬክተሩ ልጅ፣ ዓይኗ አብጦ በር ላይ ቆማለች።

«ሐሙስ ማታ መኪናዋን ወስደህ ነበር?»

«ትንሽ ዙሪያውን…»

«ስድሳ ሦስት ኪሎሜትር። ምድርን ልትዞር ነበር?»

አማቹ ሳቀ፤ ጥርሱ ያምራል፣ ከጥርሱ ሌላ የሚያምርበት ነገር ግን መርማሪዋ አላገኘችም። «መኪና ያለው ለሥራ ይፈለጋል። ዕቃ ማድረስ ልጀምር ነበር። አባባ ልመልሳት ሲሉ አንጀቴ ነው የተቃጠለው። ግን እኔ ዓርብ ቀኑን ሙሉ ሥራ ፍለጋ ላይ ነበርኩ።»

«ሥራው ፑል ቤት ነው የሚገኘው? ከአምስት ተኩል እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስትጫወት ያዩህ ሦስት ሰዎች አሉ። ጨዋታውንም ተሸንፈሃል።»

ሚስቱ ዞራ አየችው። እሱ ጣራውን አየ።

ሦስቱም ወደ መኪና ቤቱ ሄዱ። መርማሪዋ ሾፌር ወንበር ላይ ተቀምጣ ቁልፉን አዞረች። ሬዲዮው የሆነ ጣቢያ ላይ ያወራል።

«ጎበዝ ሬዲዮ ነው» አለች።

«እንዴታ!» አማቹ በመስኮቱ አንገቱን አስገባ። «ሐሙስ ማታ የእኔን የስፖርት ጣቢያ አንደኛው ቁልፍ ላይ፣ የዘፈኑን ሁለተኛው ላይ ሞላሁ። እዪው።»

አንደኛውን ተጫነች። ሽሽሽ… አለ። ሁለተኛውን ተጫነች፤ እሱም ሽሽሽ።

«ተበላሽቷል እንዴ?» አለ አማቹ።

መርማሪዋ የዕቃ ማስቀመጫውን ከፍታ የመኪናዋን መመሪያ መጽሐፍ አወጣች። ከሽፋኑ ውስጥ ትንሽ ካርድ የሚገባበት ኪስ አለ፤ ባዶ ነው።

«እሱን ነገር አባዬ ሲጨቀጭቅበት ነበር» አለች ልጅቱ ቀስ ብላ። «'የሬዲዮው ካርድ የታለ?' እያለ ለሻጩ ሦስት ቀን ደወለ። አባዬ እኮ አንድ ወረቀት ከጎደለው እንቅልፍ አይወስደውም። ሻጩ 'ሬዲዮው ይሠራ የለ፣ ካርድ ምን ያደርግልዎታል' እያለ ሳቀበት። አልላከለትም።»

«ስልክ ደውለህለት ታውቃለህ ለሻጩ?» አለች መርማሪዋ ድንገት ወደ አማቹ ዞራ።

«እኔ? ምን ቆርጦኝ!»

አጥብቃ አልጠየቀችውም። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል፤ አንድ ሌሊት ይደርበት።

*

ሻጩን ደንበኞቹ «ማር ምላስ» ይሉታል። ቢሮው መስታወት በመስታወት ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ኮምፒውተር፣ አንድም መኪና የለም። መኪናዎቹ ከኋላ፣ ከግንቡ ማዶ ተደርድረዋል።

«እናቴ፣ ግቢ፣ አረፍ በይ» አላት።

«ልጅ የለኝም» አለችና ሳትቀመጥ ቀጠለች። «ዳይሬክተሩ ለምን ሊመልሷት እንደፈለጉ ታውቃለህ?»

«የሽማግሌ ነገር ታውቂው የለ፤ ቀለሟ አልጣማቸውም ይሆናል። በኋላ ግን ወደዷት፤ ተቀበሏት። ነፍሳቸውን ይማር፣ ትልቅ ሰው ነበሩ።»

«ውሃ የጠጣች ናት ይባላል።»

«እኔ የኮምፒውተር ሰው ነኝ፣ እናቴ። ፎቶ እለጥፋለሁ፣ ስልክ እመልሳለሁ። ኮፈን የሚከፈተው በየት በኩል እንደሆነ ብትጠይቂኝ አላውቅም። ዓርብ ቀኑን ሙሉ እዚችው ነበርኩ።»

«ብቻህን?»

«ከሥራዬ ጋር።»

ፈገግታው አንዴም ከፊቱ አልወረደም። መርማሪዋ ብዙ ሌቦች አይታለች፤ በር ሰብሮ የሚገባው ቢያንስ ይደክማል፣ ይፈራል። ይሄኛው ግን ሰው በገዛ ጣቱ ተጭኖ እንዲዘረፍ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ነው፤ ናቀችው።

ከኋላ ግቢ ውስጥ ሾፌሩን አገኘችው፤ መኪና በየቤቱ የሚያደርሰው እሱ ነው። ጸጉሩ ገብስማ የሆነ፣ ዝምተኛ ሰው። አንዲት ነጭ መኪና ለጉዞ ያዘጋጃል። ሳትናገረው ቆማ አየችው። ኮፈኑን ከፈተ፣ የተነቀለውን የባትሪ ገመድ አሰረ፣ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ሬዲዮው አራት ሰረዝ አሳየና እንደ ጫጩት ይጮህ ጀመር፦ ጢው፣ ጢው፣ ጢው። ሾፌሩ ከኪሱ ካርድ አወጣ፣ አራት ቁጥር ነካ፤ ጸጥ አለ። ሰዓቱን ሞላ። የዳሽቦርዱን ፎቶ አነሣ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«ሁልጊዜ፣ እትዬ። ቆመው ባትሪ እንዳይጨርሱ እንነቅላለን። ሲሸጡ እንሰካለን፣ ቁጥሩን እናስገባለን፣ ሰዓት እንሞላለን፣ ፎቶ። በቀን አሥራ አምስት፣ ሃያ። እጄ ተኝቼም ይሠራዋል።»

«ቁጥሩን ብትሳሳትስ?»

«ሁለቴ ይምራል። በሦስተኛው ይቆለፋል፤ እስከ ነገ አይከፈትም። የአንድ ቀን ሥራ ገደል ገባ ማለት ነው።»

«የብርማዋ ካርድስ?»

ሾፌሩ ዙሪያውን አየት አደረገ። «እሷን እኔ አላዘጋጀኋትም። ጌታው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁላችንንም ወደ ቤት ሰደደንና ራሱ አዘጋጃት። ካርዷን ዓይኔ አላየውም። እኔ ሰኞ አድርሼ መጣሁ፤ በቃ።»

«ዓርብ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ የት ነበርክ?»

«የሁለት ሰዓት መንገድ ርቄ ሌላ መኪና ሳስረክብ። ፊርማው ከነሰዓቱ አለ። ከዚያ ብርማዋን ላመጣ ስመጣ መመለሷ መቅረቱን የሚናገር መልእክት በራቸው ላይ እያለሁ ደረሰኝ። እንዲያው ላረጋግጥ ብዬ አንኳኳሁ… ልጅቱ ከፈተችልኝ፣ አብረን ገባን። ምነው ባላንኳኳሁ!»

*

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም በመኪና ቤቱ ተሰበሰቡ፦ ልጅቱ፣ አማቹ፣ ሻጩ፣ ሾፌሩ፣ ካቴና የገባለት መካኒክ፣ እና ሰዓቱን ደጋግሞ የሚያይ አለቃ።

«ሦስት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት መድረስ አለብኝ» አለ አለቃዋ።

«ይደርሳሉ። ከማን ጋር እንደሚደርሱ ነው ገና ያልታወቀው» አለች መርማሪዋ። «ይፍቱት።»

መካኒኩ እጁ ተፈታ። ባዘዘችው መሠረት የባትሪውን ገመድ ነቀለ፤ ትንሽ ቆይቶ መልሶ ሰካው። ቁልፉን አዞረች። አራት ሰረዝ፣ ከዚያ ጢው፣ ጢው፣ ጢው። በቆርቆሮው ጣራ ሥር ጩኸቱ ጆሮ ይበሳል።

«ማነው ዝም የሚያሰኝልኝ? አንተ ና እስቲ» አለች አማቹን። «ሬዲዮ ታውቅ የለ።»

አማቹ እየተኩራራ ገብቶ የመጣለትን ቁጥር ነካ። ጢው፣ ጢው።

«ጌታዬ» አለች መርማሪዋ ወደ አለቃዋ ዞራ፣ ድምፅዋን ከጩኸቱ በላይ ከፍ አድርጋ፣ «መካኒኩን ያሰሩት ባትሪውን ነቅያለሁ ብሎ ዋሽቷል ብለው ነው። አልዋሸም። ምስክሩ ይኸው መሪው ሥር ተቀምጧል። ሐሙስ ማታ ሁለት ጣቢያ ሞልቶ ነበር፤ ራሱ ነገረኝ። ትናንት ሁለቱም ጠፍተዋል። ባትሪ ሲነቀል የተሞላው ሁሉ ይጠፋል፤ አሁን ሬዲዮው እንደሚያደርገው ማለት ነው። እንግዲህ ባትሪው ከሐሙስ ማታ በኋላ ተነቅሏል።»

«ታዲያ እኛ ስንመጣ ለምን ይሠራ ነበር?»

«መልሶ የሰካው ሰው ስላለ ነዋ። መስካት ቀላል ነው። ግን ሬዲዮውን ዝም አሰኝቶታል፣ ሰዓቱንም ሞልቶታል። ለዚያ ደግሞ አራት ቁጥር ያስፈልጋል። ያ ቁጥር እዚህ ቤት ገብቶ አያውቅም፤ ዳይሬክተሩ ሦስት ቀን ለምነው ተስቆባቸዋል። መካኒኩም ሆነ የቤቱ ሰዎች አያውቁትም። ጎበዝ፣ ሞክር እንጂ!»

አማቹ ላብ ላብ እያለው ሌላ ቁጥር ነካ። ጢው፣ ጢው፣ ጢው።

«ምን ብሎ ሰካው?» አለ አለቃዋ፤ አሁን ሰዓቱን ማየት ትቷል።

«የበራ ዳሽቦርድ ፎቶ ፈልጎ። 'ተቀብያለሁ' ለማለት ፎቶ ግድ ነው። ስልኩን መክፈት ችግር አልነበረም፤ ቁጥሩ ጀርባው ላይ ተለጥፏል። ሰውየው ከመኪናዋ ሥር ሞተው፣ እሱ ከላይ ተቀምጦ በስማቸው ግዢውን አጸደቀ። ፎቶው ላይ ሰዓቱ ልክ ነው፣ ሬዲዮው በርቷል። ለአማች ቢሆን ሰዓቱ ዜሮ ቢል ምን ገዶት? ጎረቤት እንዳይሰማ ጩኸቱን ፈርቶ ይሆናል፣ እጁም ለምዶ ይሆናል። ሌባ ለአመሉ ዳቦ ይልሳል። ቀጥል አንተ፣ ሦስተኛውን ሞክር።»

አማቹ ጣቱን ዘረጋ።

«ኧረ ተው!» አለ አንድ ድምፅ። «ሦስተኛውን ከሳትክ ይቆለፋል!»

ሁሉም ዞሩ። ሻጩ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ ቆሟል። ፈገግታው ገና ፊቱ ላይ ነው፤ ማውረዱን ረስቶታል።

«አመል ያወጣል ከመሐል» አለች መርማሪዋ። «ኮፈን የሚከፈትበትን የማያውቀው የኮምፒውተር ሰው ይህን ከየት ተማረው?»

«ይሄማ… ሠራተኞቼ ሲያወሩ…»

«ሾፌሩ ካርዱን አላየውም። መኪናዋን ያዘጋጀሃት አንተ ነህ፣ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፤ ጭቃዋን ማንም እንዳያይብህ። ቦርሳህን ላየው።»

«መብት የላችሁም!»

አለቃዋ በሕይወቱ አንድ ነገር በቶሎ ቢገባው ይኼ ነው፤ ቦርሳውን ራሱ ተቀብሎ ከፈተው። ከገንዘቡ ኋላ አንዲት ትንሽ ካርድ ወጣች። መርማሪዋ ለሾፌሩ ሰጠችው። ሾፌሩ አማቹን አስወርዶ ተቀመጠ፣ አራቱን ቁጥር ነካ። ጸጥ አለ። ጸጥታው ከጩኸቱ ባሰ።

ሻጩ ከንፈሩን ላሰ። ከዚያ የማር ምላሱ ሌላ ሆነ።

«ሃያ ሦስት መኪና ነው ያለኝ!» አለ። «ሁሉም ከዚያው ጎርፍ የወጡ። ለአንድ ግትር ሽማግሌ ብዬ ሁሉንም ላጣ? ለመንኳቸው! ሌላ መኪና ልስጥዎት አልኳቸው። እሳቸው ግን ሥሯ ገብተው መብራት እያበሩ 'ና እይ፣ አንተ ውርጋጥ፣ ይሄንንም ድረ ገጹ ላይ እጽፈዋለሁ፣ ያንንም እጽፈዋለሁ' ይሉኛል። እንደ ተማሪ! ክሪኩ እጄ ሥር ነበር…»

«በቃ፣ ገባን» አለች መርማሪዋ። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ እግር ሥር የተረገጠ ነገር የሚያይ ሰው ፊት ነበር። «አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ዳይሬክተሩ ምሳ ሰዓት ላይ ብቻቸውን እንደሚሆኑ ማን ነገረህ?»

ሻጩ በአገጩ አመለከተ። «አማቻቸው። በአምስት ሰዓት ደወለልኝ። 'ሚስቴ ሥራ ላይ ናት፣ ምሳ ሰዓት ብቻውን ነው፣ መጥተህ አባብለው' አለኝ።»

ልጅቱ ባሏን አየችው።

«አንተ ነህ የደወልክለት?»

«እንዲያግባባቸው ብዬ እኮ ነው! ለእኛ ብዬ…»

«ለእኛ!» አለች። «አባቴ ሲሞት ፑል እየተጫወትክ፣ ለእኛ! ሌላ ሰው በጥፊ ስመታ ደግሞ አጠገቤ ቆመህ ታያለህ!»

አማቹ ሊይዛት እጁን ዘረጋ፤ እጁን ገፈተረችና ከእሱ ራቀች። ከዚያ በኋላ ማንም ከእሱ ጋር አልተነጋገረም። አለቃዋ ሻጩን በዚያው ካቴና አስሮ ወሰደው፤ በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ ለመካኒኩ «እንግዲህ… ሥራ ነው፣ አትቀየም» አለ። መርማሪዋ ወደ አጥሩ ዞረች፤ አለቃዋን በዚህ ሰዓት ብታየው የምትናገረው ከደመወዟ ያጎድልባት ነበር።

የመካኒኩ ሚስት ከበሩ ውጭ ትጠብቃለች። እሱ ግን አልወጣም። ካቴናው የነበረበትን አንጓውን እያሻሸ ልጅቱ ፊት ሄዶ ቆመ። ልጅቱ ቀና ብላ ማየት አቃታት።

«መታሁህ» አለች። «ሰው ሁሉ እያየ። ይቅር በለኝ።»

«የመታሽኝስ ይገባኛል» አለ መካኒኩ። «አልገደልኳቸውም። ግን በባዶ ክሪክ አንሥቻት፣ መቆሚያ ሳላደርግ፣ ምሳዬን ልበላ ሄድኩ። መቆሚያው ቢኖር ያ ሰው ምንም ቢያደርግ አይወርድባቸውም ነበር። ይቅር የምትዪኝ አንቺ ነሽ።»

መርማሪዋ ጣልቃ አልገባችም። እውነቱን ነው፣ መቆሚያው ቢኖር ሰውየው ይተርፍ ነበር፤ እሷም ሰውን ለማጽናናት ዋሽታ አታውቅም።

ልጅቱ ቀስ ብላ ቀና አለች። ከዚያ፦

«ሥሯ አይግቡ ብለኸው ነበር?»

«ሦስት ጊዜ። አስምዬም ጭምር።»

«እሱስ ምን አለ?»

«'እኔን አንተ ልታስተምረኝ ነው?' አሉኝ።»

የአባቷ ድምፅ፣ ያ ቤቱን ሁሉ ሠላሳ ዓመት ያስጨነቀው ድምፅ፣ መኪና ቤቱ ውስጥ ለልጅቱ የተሰማት መሰላት። ሳታስበው ሳቅ አመለጣት፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰብሮ ለቅሶ ሆነ።

«እሱ መቼ የሰው ምክር ይሰማል!» አለች፣ የመካኒኩን ክንድ በሁለት እጇ ጨብጣ። «አባዬ መቼ የሰው ምክር ሰምቶ ያውቃል!»

መካኒኩም አለቀሰ። ሚስቱ ከውጭ ድምፁን ሰምታ ሮጣ ገባች።